ዋስ ሆኜ የተመለስኩበት ደሴት

ሐሙስ፣ ጥር አጋማሽ ላይ፣ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል። አንድ የጀርባ ቦርሳ ይዤ ከፒያሳ ተነሳሁ።

የምሄደው በስምጥ ሸለቆ ካሉት ሐይቆች በአንዱ ላይ ወዳለች ትንሽ ደሴት ነው። ስሟን የማልጽፈው ነዋሪዎቿ እንዳልጽፍ ስለጠየቁኝ ነው። ብዙ ዓመት የፍርድ ቤት ዜና ጽፌያለሁ፤ ዜናዬ ግን ሁልጊዜ ፍርዱ ሲነበብ ያልቃል። ቅጣቱ በገደብ የተያዘለት ሰው፣ ማለትም እስር ቤት ሳይገባ በቅድመ ሁኔታ ከሰው ጋር እንዲኖር የተፈቀደለት፣ ከችሎት ወጥቶ የት እንደሚገባ ጽፌ አላውቅም። ያቺ ደሴት ፖሊስ የላትም፤ እንዲህ ያለውን ሰው የሚጠብቁት ነዋሪዎቹ ራሳቸው ናቸው ሲባል ሰማሁና አለቃዬን አስፈቀድኩ።

የሚጠበቀው ሰው ደግሞ የሰፈሬ ልጅ ነው። ደረጀ ይባላል። እሪ በከንቱ ተወልዶ ያደገ፣ ሠላሳዎቹን የጀመረ፣ ራስ መኮንን ድልድይ ላይ ኪስ በማውለቅ የታወቀ። ፍርድ ቤቱ የሁለት ዓመት እስራቱን በገደብ አድርጎ ወደ እናቱ አገር፣ ወደ ደሴቲቱ ላከው። ከአጎቱ ጋር ይኖራል፤ ከድሮ ጓደኞቹ ጋር አይገናኝም፤ ያለ ሽማግሌዎቹ ፈቃድና ያለ ዋስ ከደሴቲቱ አይወጣም። ከእነዚህ አንዱን ከጣሰ ሁለቱን ዓመት እስር ቤት ሊጨርስ ይችላል።

እናቱ እትዬ ዘነበች በዋዜማው ዳቦ ቤቱ በር ላይ ያዙኝ። ሰፈሩ ለልማት ይነሳል፤ ጎረቤቶቻቸው ሄደው አልቀዋል፤ ለእሳቸውም ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ደርሷቸዋል።

«ማክሰኞ ቤቱ ይፈርሳል» አሉኝ። «ደርዬ መጥቶ ካላወጣኝ አልወጣም። ከነቤቱ ያፍርሱኝ።»

«እትዬ፣ እኔ ጋዜጠኛ ነኝ፤ ዳኛ አይደለሁም።»

«ዳኛ ብትሆን መች እለምንህ ነበር? ለሽማግሌዎቹ ንገርልኝ። አፍ አለህ አይደል? ስንት ዓመት በሱ እንጀራ በልተሃል።»

ለልጃቸው የሚሰጥ አንድ ላስቲክ ዳቦ ቆሎ አሸከሙኝና ሄዱ።

ከፒያሳ ቃሊቲ መናኸሪያ መድረስ ራሱን የቻለ ጉዞ ነው። አውቶቡሱ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡት ሰውዬ ቴሌቪዥን ጭናቸው ላይ አቅፈው ነበር፤ ጠመዝማዛ በመጣ ቁጥር ግማሹ ወደ እኔ ጭን ይዛወራል። ሞጆን አልፈን ጎማ ፈነዳ። አንድ ተሳፋሪ መቸኮሉን ሲናገር ሾፌሩ ጎማ መፍቻውን ዘረጋለትና «እንግዲያው አንተ ፍታው፤ እኔ አልቸኮልኩም» አለው። ፈታው። ከዚያ ወዲህ ስለ መቸኮል የተናገረ ሰው አልነበረም።

ሐይቁ ዳር ያለችው ከተማ የደረስነው ከሰዓት በኋላ ነው። ያረፍኩበት ሆቴል መስኮት ሐይቁን እስከ ጥግ ያሳያል፤ የመታጠቢያ ቤቱ ቧንቧ ግን ጠብታ አይሰጥም። አስተናጋጇን ስጠይቃት ወደ መስኮቱ በአገጯ ጠቆመችኝ። ፒያሳ ውስጥ ውሃ ሲጠፋ ቢያንስ ሐይቅ አያሳዩንም።

ዓርብ።

የደረጀ አጎት አቶ ወልዴ በሞተር ጀልባቸው ሊወስዱኝ መጡ። ከሲታ፣ ትንሽ የሚናገሩ አሳ አጥማጅ ናቸው። ደረጀ አብሯቸው ነበር፤ ከአጎቱ ጋር ከሆነ እስከ ወደቡ መድረስ ይፈቀድለታል። ጠቁሯል፤ ትከሻው ሰፍቷል፤ አፉ ግን የድሮው ነው።

«ጋሼ! ማኪያቶ ይዘህልኝ መጣህ?»

«ዳቦ ቆሎ ነው።»

«እሱም አይከፋም። ማኪያቶው በመንገድ ይቀዘቅዝ ነበር።»

ዳቦ ቆሎውን እየቆረጠመ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ያን ጊዜ እጄ በራሱ ተነስቶ ኪሴን ያዘ። ፒያሳ የኖረ ሰው ሁሉ ይህ እጅ አለው፤ ሰው ሲጠጋ ቀድሞ ኪስ ላይ ይደርሳል፤ ጭንቅላትን አያማክርም። ደረጀ አየኝ።

«አይዞህ ጋሼ። ብወስድብህስ የት እሮጣለሁ? ውሃ ላይ?»

አቶ ወልዴ እስከ እንባቸው ሳቁ። ሲስቁ መሪውን ስለዘነጉት ጀልባው ዞረና ማዕበሉን በጎኑ ተቀበለ። ማዕበሉ ያረፈው እኔ ላይ ነው። ደሴቲቱ ስንደርስ የአቶ ወልዴ ባለቤት ወይዘሮ ብርቄ ጃኬቴ ሲንጠባጠብ አይተው ሰላምታ ሳይጨርሱ አወለቁኝና ይዘውት ሄዱ። በምትኩ የባላቸውን ጋቢ ደረቡልኝ። አልጋቸውንም ለቀቁልኝ፤ መደብ ላይ እተኛለሁ ብል «እንግዳ መደብ ላይ ተኛ ተብሎ በሐይቁ ዙሪያ እንዲወራብን ነው?» አሉኝ።

ምሳ አሳ ነበር። መክሰስ አሳ ነበር። እራትም አሳ ነበር። በጾም አሳ ይበላል ወይስ አይበላም የሚለውን የፒያሳ ክርክር እዚህ ያነሳ ሰው አላጋጠመኝም።

ደረጀ ደሴቲቱን አዞረኝ፤ ለማዞር ብዙ ጊዜ አይፈጅም። ጠዋት መረብ ይጥላል፤ ቀን መረብ ይጠግናል፤ በደሴቲቱ ሌላኛው ጫፍ ላሉ አንዲት ባልቴት ውሃ ያመላልሳል። እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሽማግሌዎቹ ፊት ቆሞ ሳምንቱን ይናገራል። ከወር ወር ደግሞ ሽማግሌዎቹ በከተማው ላለው የመንግሥት ተቆጣጣሪ ስልክ ይደውላሉ። ደንቡ ይኸው ነው።

«ከባድ ነው?» አልኩት።

«ጋሼ፣ ፒያሳ ላይ ሦስት ፖሊስ እየፈለገኝ በመሃላቸው አልፍ ነበር። እዚህ ካስነጠስኩ ማዶ ያሉት ባልቴት ይማርህ ይላሉ። ዝም ካልኩም ታሟል ብለው ሰው ይልካሉ።»

ከዚያ ስለ እናቱ አነሳ። ሽማግሌዎቹን ለሦስት ቀን እንዲለቁት ጠይቋቸዋል። መልሳቸው አዲስ አበባ ላይ በዓይኑ የሚጠብቀው ዋስ ያቅርብ የሚል ነው። ይህን ብሎ አየኝ።

የምጽፍበትን ሰው ዋስ መሆን የሙያዬ ደንብ እንደማይፈቅድልኝ ነገርኩት።

«ገብቶኛል» አለ። «እኔም እኮ ደንብ ላይ ነኝ።»

ቅዳሜ።

ጠዋት ፎቶ ላነሳ ብዬ ስልኬን ብፈልግ የለም። ቦርሳዬን አየሁ፤ ከትራስ ሥር አየሁ። ወይዘሮ ብርቄ ፍራሽ ሳገላብጥ ደረሱብኝ።

«ምን ጠፋዎት?»

«ምንም።»

ሰው ምንም ሳይጠፋው ፍራሽ እንደማያገላብጥ የሚያውቁ ሴት ናቸው። በጓሮ ወጥተው ለባላቸው ነገሯቸው። አቶ ወልዴ ወደ ውሃው ዳር ወረዱ፤ እኔም ተከትዬ ስደርስ ጀልባዎቹ ሁሉ ወደ ደረቅ እየተጎተቱ ነበር። ቅዳሜ ማዶ ከተማው የገበያ ቀን ነው። ሴቶቹ አሳ የሞላ ቅርጫታቸውን ይዘው ቆመዋል።

«አቶ ወልዴ፣ አሮጌ ስልክ ነው፤ ይተዉት» አልኩ።

«አሁንማ ነገሩ ከስልክ አልፏል» አሉኝ።

እዚህ ዕቃ ሲጠፋ አውጫጭኝ ይቀመጣሉ። አገሬው በሙሉ አንድ ቦታ ይሰበሰባል፤ ነገሩ እስኪወጣ ማንም ወደ ሥራው አይሄድም፤ እያንዳንዱ ሰው ተራ በተራ ቆሞ ይምላል። ስለዚህ ልማድ ከመጻሕፍት አንብቤያለሁ። በእኔ ስልክ ምክንያት ይቀመጣል ብዬ ግን አላሰብኩም ነበር። ፒያሳ ላይ ስልክ ቢጠፋብኝ ጓደኞቼ የሚሰጡኝ «አይ አንተ ፋራ!» የሚል ቃል ብቻ ነው፤ እሱም ቸኩለው ካልሄዱ።

ዋርካው ሥር ተቀመጥን። አውጫጭኙን የሚመሩት አባባ ገብሬ የሚባሉ፣ ዕድሜያቸውን ራሳቸውም የማያስታውሱ ሽማግሌ ናቸው። በከዘራቸው አንድ ሰው ይጠቁማሉ፤ ሰውየው ይቆማል፤ «አልወሰድኩም፣ አላየሁም፣ አልሰማሁም» ብሎ ይምላል፤ ይቀመጣል። ሴቶቹ ከመሃላው በኋላ አንድ አንድ ዓይን ወደ ቅርጫታቸው፣ አንድ አንድ ዓይን ወደ እኔ ይጥላሉ።

ደረጀ መሃል ላይ ተቀምጦ ነበር። ሲፈራ ቀለሙ የሚለወጥ ሰው አይደለም፤ እጆቹን ግን ሰው ሁሉ እንዲያያቸው ጉልበቱ ላይ ዘርግቷቸው ነበር። ነገ እሑድ ነው፤ የሦስት ቀኑ ጥያቄ የሚወሰነው ነገ ነው። ተራው ደረሰ። ቆመ፤ ማለ፤ ተቀመጠ። የአባባ ገብሬ ከዘራ ምንም ሳይዘገይ ወደሚቀጥለው ሰው አለፈ። ዙሪያውን ቃኘሁ። ወደ ደረጀ የሚያይ ሰው አልነበረም። ከእኔ በቀር።

የመጨረሻው ተራ የባለንብረቱ ነው። ልቆም ስል ወይዘሮ ብርቄ ከአጥር ላይ ያወረዱትን ጃኬቴን ይዘው መጡ። «ደርቋል፤ ነፋስ አለ፣ ይልበሱት» አሉኝ። ለበስኩት። ልምል አፌን ስከፍት እጄ፣ ያ ማንንም የማያማክረው እጄ፣ በጃኬቱ ገበር ውስጥ ብብቴ ሥር ገባ። እዚያ ራስ መኮንን ድልድይ አካባቢ ያለ ልብስ ሰፊ የሰፋልኝ ድብቅ ኪስ አለ። ስልኩ እዚያ ነበር። ጀልባው ላይ ደረጀ አጠገቤ ሲቀመጥ እጄ ኪሴን ይዞ ብቻ አልቀረም፤ ሁላችንም ስንስቅ ስልኩን ወደ ውስጠኛው ኪስ አሻግሮት ኖሯል። ባትሪው እንዳያልቅ አጥፍቼው ስለነበር ቢደወልም አይጮህም።

አውጥቼ አሳየሁ። አንዲት ሴት ሳቀችና ዋርካው ሥር ያለው ሰው በሙሉ ተከተላት። ደረጀ ብቻ ኪሱን ለማየት ተጠጋ።

«ጋሼ፣ ይሄንንስ እኔም ነቄ አልነበርኩም። ማን ነው የሰፋልህ?»

አባባ ገብሬ አልሳቁም።

«ልጄ፣ ከማን ነበር የደበቅኸው?» አሉኝ።

ሥራዬ እውነት መጠየቅ ነው፤ ስጠየቅ መዋሸት አልችልም።

«ከደረጀ» አልኩ። «አውቄ አይደለም።»

«አውቀህ ነው አላልኩህም» አሉና ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሱ።

ጀልባዎቹ ሲወጡ ገበያው ሊበተን ነበር። አብዛኛው አሳ ሳይሸጥ ተመለሰና ማታ ለሰፈሩ በሙሉ ተጠበሰ። መጀመሪያ የቀረበው ለእኔ ነው። እንደጠገብኩ ስናገር ወይዘሮ ብርቄ ትልቁን አሳ ወደ ትሪዬ ጎን ገፉት።

«ይብሉ እንጂ። የስልክዎ አሳ ነው።»

እሑድ።

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ። ደረጀ ሳምንቱን ተናገረ፤ የእናቱን ነገርም ደገመ። እኔም የእትዬ ዘነበችን መልእክት አደረስኩ፤ «ከነቤቱ ያፍርሱኝ» የሚለውን ሳይቀር። ሽማግሌዎቹ ተንሾካሾኩ። ከዚያ አባባ ገብሬ ወደ ደረጀ ሳይሆን ወደ እኔ ዞሩ።

«ትናንት እዚህ ያለው ሰው ሁሉ ቆሞ ማለ። ማንም ይህን ልጅ አላየውም። አንተ ብቻ አየኸው። ዓይንህ ከእሱ ላይ ካልተነሳ እንግዲህ ሥራ እንስጠው። ዋሱ አንተ ሁን።»

ስለ ሙያዬ ደንብ ተናገርኩ። በጥሞና ሰሙኝ።

«ሙያህን መች ነካንብህ? የጠየቅንህ ዓይንህን ነው። ረቡዕ መልሰህ ታመጣዋለህ። ያየኸውን ሁሉ፣ አንድም ሳታስቀር፣ እዚህ ቆመህ ትናገራለህ።»

ደረጀ መሬት መሬት ያይ ነበር። በሥራ ዘመኔ ብዙ ሰው ዋስ ሲጠራ አይቻለሁ፤ እኔ ስጠራ የመጀመሪያዬ ነው። እሺ አልኩ።

ሰኞ።

በመልሱ መንገድ ላይ ጎማ አልፈነዳም። እንቅልፍ ወስዶኝ ስነቃ ቦርሳዬ ደረጀ ጭን ላይ ነበር። «ስታንኮራፋ ሰው ሁሉ ዓይኑን ጥሎበት ነበር፤ እኔ ነኝ ያዳንኩልህ» አለኝ። ከፍቼ ላለማየት ራሴን ያዝኩ፤ እሱም ራሴን መያዜን አይቶ ሳቀ።

ራስ መኮንን ድልድይ ስንደርስ መሽቶ አልነበረም። አስፋልቱ ዳር ነጋዴው፣ ወያላው፣ ተሳፋሪው እንደ ወትሮው ይተረማመሳል። ደረጀ ድልድዩ ላይ ከመግባቱ በፊት ሁለት እጆቹን ሱሪ ኪሱ ውስጥ ከተተ፤ ተሻግረን እስክንጨርስ አላወጣቸውም።

«ለምንድን ነው?» አልኩት።

«አላምናቸውም።»

ያን ጊዜ ነው የእኔም እጆች ኪሴ ውስጥ መሆናቸውን ያስተዋልኩት።

እሪ በከንቱ ቁልቁል ስንወርድ ግራና ቀኝ የነበሩት ቤቶች ፈርሰው ቆርቆሮና ድንጋይ ተቆልሎ ነበር። የእትዬ ዘነበች ቤት ብቻ መብራት በርቶለታል። በሩ ላይ ቆመው ነበር። ልጃቸውን አገላብጠው ሳሙትና ጥቂት ገፋ አድርገው አዩት።

«ምነው እንዲህ ጠቆርክ? አጎትህ ከሰል ያስሸጥሃል እንዴ?»

ማክሰኞ።

ጠዋት የጭነት መኪና መጣ፤ መንገዱ ጠባብ ስለሆነ ላይ ቀረ። ድስቱን፣ ፍራሹን፣ ወንበሩን እኔና ደረጀ አወጣን። የቀረው ከዋንዛ እንጨት የተሠራ፣ የሟች አባቱ ቁም ሳጥን ነው፤ ለሁለት ሰው የሚነሳ አይደለም። ጎረቤት ደግሞ የለም። ደረጀ «መጣሁ» ብሎ ወጣ።

አልመጣም። አፍራሾቹ ታችኛውን ቤት ጀምረዋል። እትዬ ዘነበች ደጅ በወጣው ፍራሻቸው ላይ ተቀምጠው እጠብቃለሁ ሳይሉ ጠበቁ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ዳገቱን አያለሁ።

«ዋሱ አንተ ነህ አይደል?» አሉኝ።

«አዎ፣ እትዬ።»

«ስትገባ ምን ምን ላምጣልህ? በርበሬ ትበላለህ?»

ድምፃቸው ይቀልዳል፤ እጃቸው ግን የነጠላቸውን ጥለት ጠቅልሎ ይዟል።

ደረጀ የመጣው ሦስት ሰዎች አስከትሎ ነው። አንዱን አወቅሁት፤ ችሎት ውስጥ ከደረጀ ጎን ቆሞ አይቼዋለሁ። ሌሎቹንም ሳላውቃቸው አወቅኋቸው። የድልድዩ ጀለሶቹ ናቸው። ደረጀ ዓይኔን ሸሸ።

«ሌላ ማን አለኝ ጋሼ?» አለ።

አራቱ ቁም ሳጥኑን አነሱት። በዚያ ጠባብ መንገድ፣ በፍርስራሹ ላይ፣ መስታወቱን ሳይሰብሩ፣ እንደ ታቦት አድርገው አወጡት። የደከማቸው መስሎኝ ላግዝ ስጠጋ «ሼባ፣ ከመንገድ ዞር በል» ይሉኛል። እስከ ኮንዶሚኒየሙ ድረስም አብረው ሄዱ፤ ሊፍት የለውም፤ አራተኛ ፎቅ አወጡት። እትዬ ዘነበች ዕቃቸውን አንድ በአንድ ጠሩ፤ እኔም አብሬ አረጋገጥኩ። የጎደለ የለም። ሲሰናበቱ ችሎት ያየሁት ሰውዬ እጄን ጨበጠና አንድ ነገር መለሰልኝ።

«ጋሼ፣ ብዕርህ ወድቆ ነበር።»

ሲወድቅ አልተሰማኝም።

ረቡዕ።

ዋርካው ሥር ሰው ሁሉ ነበር። ስንመጣ ጀልባው ላይ ደረጀ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቆኝ ነበር፤ «ሁሉንም ትናገራለህ?» የሚል። «ሁሉንም» አልኩት። 

ቆሜ በቅደም ተከተሉ ተናገርኩ። ጓደኞቹ ላይ ስደርስ አቶ ወልዴ አንገታቸውን ደፉ።

«ማን ጠራቸው?» አሉ አባባ ገብሬ።

«እሱ።»

«ምን ሠሩ?»

«ቁም ሳጥን ተሸከሙ።»

«ምን ወሰዱ?»

«ከቤቱ ምንም። የእኔን ብዕር ወስደው መልሰዋል፤ ወይም ወድቆ አንስተዋል። የትኛው እንደሆነ አላውቅም።»

አንድ ሽማግሌ ሳል ይሁን ሳቅ ያልለየሁት ድምፅ አሰሙ። ዞር በሉ ተባልን፤ ከውሃው ዳር ቆምን። ደረጀ ድንጋይ እያነሳ ወደ ሐይቁ ይወረውራል። ቆይተው ጠሩን።

«ከተከለከላቸው ሰዎች ጋር ተገናኝቷል» አሉ አባባ ገብሬ። «ይህን ለተቆጣጣሪው እንነግረዋለን። ውሳኔው ከዚያ ነው።»

«ቁም ሳጥኑንስ አባባ?» አለ ደረጀ።

«ቁም ሳጥኑንም እንነግረዋለን። በቀኑ ተመልሶ መምጣትህንም።»

ወይዘሮ ብርቄ ለመንገድ ብለው አሳ ጠብሰው በጋዜጣ ጠቀለሉልኝ። ጋዜጣው የእኛ ነበር።

ሐሙስ ፒያሳ ገባሁ። ዓርብ ረፋድ ላይ ለአቶ ወልዴ ደወልኩ። ተቆጣጣሪው የሽማግሌዎቹን ቃል ተቀብሎ ለፍርድ ቤቱ ገደቡ ባለበት ይቀጥል ብሎ ጽፏል። ደረጀ ጠዋት መረብ ጥሎ ጥቂት ቆሮሶና አንድ አምባዛ አሳ ይዞ ገብቷል።